ለሰፈር ልጆች ስፖርት ከወረዳ ምን ይጠየቃል? መቼስ?

ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ «ለልጆቹ ስፖርት በጀት ስጡን» ካላችሁ መልሱ አንድ ነው፤ «በጀት የለም።» ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም። ለስፖርት ከተያዘችው ገንዘብ ላይ ደመወዙ፣ የዓመቱ ውድድርና ለበዓል ሰልፍ የሚለበሰው ቲሸርት ሲነሣ ለእናንተ አንድ ኳስ እንኳ ላይተርፍ ይችላል። መንግሥት በየሰፈሩ ተርፎት ያስቀመጠው ሌላ ሀብት አለ፤ ቦታ። ተማሪው ከወጣ በኋላ ጸጥ የሚለው የትምህርት ቤት ግቢ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ልጆች ጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወቱበት ብቻ የሚታየው የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል፣ በኮሪደር ልማቱ ከመንገድ ዳር የተሠሩት ትንንሽ ሜዳዎች ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው፤ መጀመሪያ ሰዓት ጠይቁ፣ ቀጥሎ ዕቃ ጠይቁ፣ ጥሬ ገንዘብ ግን ጨርሶ አትጠይቁ።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈሬን ታዳጊዎች መረብ ኳስና እግር ኳስ የማስተባብር ሴት ነኝ። ድሮ የመጋዘኑን ቁልፍ ከሚይዙት ወገን ነበርኩ፤ አሁን ቁልፍ ከሚለምኑት ወገን ነኝ። ክልል ላይ የምትኖሩ የጽሕፈት ቤቶቹ ስም ትንሽ ቢለይባችሁም የወረቀቱ መንገድ ያው ነው።

ባለቤቱን እወቁ

አንድ ቅዳሜ ከሁለት ወላጆች ጋር ሆናችሁ ሰፈሩን በእግር ዙሩ። ደብተርና ሜትር ያዙ። ለእያንዳንዱ ቦታ አራት ነገር ጻፉ፤ ይዞታው የማን ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነው? መቼ መቼ ባዶ ይሆናል? ስፋቱስ ስንት ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ግቢው የመንግሥት ነው፤ ቁልፉ ያለው ጥበቃው ዘንድ ነው፤ ጥበቃው የሚሰማው ደግሞ ርእሰ መምህሩን እንጂ ወረዳውን አይደለም።

መለካቱን አትናቁት። ብዙ ሰው «ሜዳ የለንም» የሚለው 105 በ68 ሜትር የሆነ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ በዓይኑ እየፈለገ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ስለሆነ ውስጡ ይገባና ዙሪያውን ቦታ ይተርፋል። 40 በ20 የሆነ የእጅ ኳስ ሜዳ በትንሽ ሜዳ አምስት ለአምስት ለሚጫወቱት እግር ኳስ፣ ለፉትሳልም ይሆናል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትንሽ ሜዳ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ እያንዳንዳቸው ኳስ ይነካሉ፤ ትልቅ ሜዳ ላይ ስትለቋቸው ግን ሁለቱ ይጫወታሉ፣ የቀሩት ከኋላ ሲሮጡ ይመሻል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ትልቅ ሜዳ ስላጣችሁ አትዘኑ።

ሰዓቱን ስትጽፉ ጀምበርን አስታውሱ። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ መብራት ያለው የትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ብርቅ ነው። ተማሪ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣ፣ ግቢው ተጠርጎ ልጆቻችሁ ልብስ እስኪቀይሩ 10 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ከሦስት ሩብ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ከዚህ የበለጠ አትጠይቁ፤ ጥበቃውም ቤት አለው።

በሰዓት የሚከራዩ የግል ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳዎች አሉ። ከወላጅ በየሳምንቱ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመራችሁ ድሃው ልጅ አንድ ሁለቴ ይቀርና ከዚያ ወዲያ አይመጣም። ስለእነሱ ሌላ አልጽፍም።

ርእሰ መምህሩ ምን ይፈራል?

ከሁሉም ቦታ የሚሻለው የትምህርት ቤት ግቢ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። ርእሰ መምህር «አይቻልም» ሲል ልጅ ጠልቶ አይደለም። የሚያስባቸውን ነገሮች በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ መስኮት ይሰበራል፣ የውኃ ሂሳብ ይጨምራል፣ የማይታወቅ ሰው ከልጆቹ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ልጅ እግሩ ቢሰበር ወላጅ እኔን ይከሳል፣ ነገ ሌላ ቡድን መጥቶ «ለእነሱ ፈቅደህ ለእኛ ለምን?» ይላል። ከእሱ ቀድማችሁ እነዚህን አምስቱንም በአንድ ገጽ ወረቀት መልሱለት።

የሰበረ ይተካል ብላችሁ ፈርሙ፤ ሌጣ መስታወት ውድ አይደለም፣ ክርክሩ ነው የሚወደደው። የልጆቹን ስም ዝርዝር ለጥበቃው በሩ ላይ ስጡት፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ አይገባም። እያንዳንዱ ወላጅ የፈረመበት የስምምነት ቅጽ ይኑር፤ ቅጹ ላይ የወላጅ ስልክ፣ ልጁ ያለበት የጤና ችግር፣ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ሜዳው ላይ ይኑሩ፤ ሴት ልጆች ባሉበት ሰዓት አንዷ ሴት ትሁን። ይህን የመጨረሻውን ማንም ባይጠይቃችሁም አድርጉት።

ጥበቃውን በተመለከተ ግልጽ ሁኑ። ከሥራ ሰዓቱ በላይ የሚቆይ ከሆነ አበል ይገባዋል፤ ስንት እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማሙና በፊርማ ክፈሉ። በእጅ የሚሰጥ የሻይ ገንዘብ አንድ ወር በሩን ይከፍትላችኋል፣ በሁለተኛው ወር ዋጋው ይጨምራል።

ርእሰ መምህሩ ብቻውን እንዲወስን አታስገድዱት። ጉዳዩን ለወላጅ፣ ለተማሪና ለመምህራን ኅብረቱ እንዲያቀርበው ጠይቁ። ኅብረቱ በቃለ ጉባኤ ከተቀበለው ርእሰ መምህሩ ሲዛወር ስምምነቱ አብሮት አይሄድም። ከሠልጣኞቻችሁ ግማሽ ያህሉ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቢሆኑ ደግሞ ኅብረቱ ውስጥ ያሉ ወላጆች ራሳቸው ይሟገቱላችኋል። የፈተና ሳምንታትን፣ የወላጆች በዓልንና ግቢው ለስብሰባ የሚፈለግበትን ቀን እንደምትለቁ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሳይጠየቁ መልቀቅ ትልቅ መተማመን ይፈጥራል።

ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ

አንድ አሠልጣኝ ብቻውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማንም አይደለም። ምንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን የሚጻፍለት ደብዳቤ የለም። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ አሠልጣኝና ሁለት ወላጆች። ከሰባቱ አንዱ የእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቢሆን እመክራለሁ። እድር ወንበርና ድንኳን አለው፣ ሰው የመጥራት አቅም አለው፣ ወረዳም ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በእጅ ጻፉት ቢባልም በኮምፒውተር አስጽፉት። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች ስም፣ አጀንዳ፣ የተወሰነው፣ ፊርማ፤ ይኸው ነው። ይህች ወረቀት ወደፊት የምትጠየቁትን ሁሉ ትከፍታለች። ባንክ በኮሚቴው ስም ሂሳብ ለመክፈት እሷንና የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ማኅተም ቀራጩም እንዲሁ። ሂሳቡን በሦስት ሰው ስም ክፈቱ፣ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይውጣ። በአሠልጣኙ የግል ቴሌብር የወላጅ መዋጮ መሰብሰብ ሐሜት መጥራት ነው።

የልጆቹን ዕድሜ በልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ የሌለው ልጅ ካለ ቤተሰቡ ወረዳ ሄዶ እንዲያወጣ አግዙት። ስፖርታችን በዕድሜ ማጭበርበር ስንት ጊዜ አፍሯል፤ የ19 ዓመት ጎረምሳ ከ15 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ አስገብቶ ዋንጫ የሚያነሣ አሠልጣኝ ልጆቹን እያሠለጠነ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንድ ነገር አለች። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የ11 ዓመት ልጆች ይዛችሁ ወደ ወጣቶች ዘርፍ ከሄዳችሁ ባለሙያው «ይህ የእኛ አይደለም» ሊላችሁ ይችላል፣ እውነቱንም ነው። ትንንሾቹን በታዳጊ ስፖርት ሥር አቅርቧቸው፤ ከ15 በላይ ያሉትን ለብቻ ዘርዝራችሁ የስብዕና መገንቢያ ማዕከሉን አዳራሽ ለእነሱ ጠይቁ። አንድ ቡድን በሁለት በር ይገባል።

ደብዳቤው

ረጅም መግቢያ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም የሚሰብክ አንቀጽ፣ ስለ ሱስና ሥራ አጥነት የሚያለቅስ አንቀጽ አትጻፉ። ባለሙያው ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ያነባል። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፤

«ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የማዘውተሪያ ስፍራ የአጠቃቀም ሰዓት እንዲመደብልን ስለመጠየቅ

የወረዳችሁ ነዋሪ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆነ 22 ሴትና 26 ወንድ ታዳጊዎችን በመረብ ኳስና በእግር ኳስ በበጎ ፈቃድ የምናሠለጥን ኮሚቴ ነን። በ… የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ የሚገኘውን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሰኞና ረቡዕ ከቀኑ 10፡00 እስከ 11፡45 ለሴቶች፣ ማክሰኞና ሐሙስ በተመሳሳይ ሰዓት ለወንዶች፣ ከጥቅምት 1 እስከ ሰኔ 15 ድረስ ለመጠቀም እንድንችል ለትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ እንዲጻፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቃለ ጉባኤ፣ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር፣ የወላጆች ስምምነትና የአሠልጣኞች ማስረጃ በ… ገጽ ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ለወረዳው ምክር ቤት»

ቀኑ፣ ሰዓቱና ቁጥሩ ስላለ ባለሙያው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ መምራት ይችላል። የሴቶቹ ሰዓት ከደብዳቤው ውስጥ ለብቻው የተጻፈው በምክንያት ነው። «ለወጣቶች» ብላችሁ ከተፈቀደላችሁ በሦስተኛው ሳምንት ሜዳው ላይ የምታዩት ወንዶች እግር ኳስ ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ደግሞ ዳር ቆመው ቦርሳ ሲጠብቁ ነው። በወረቀት የተያዘ ሰዓት ግን «ሰኞ የእኛ ነው» ያሰኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ከፈለጋችሁ በ1990 የወጣውን ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ጥቀሱ፤ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ ይላል። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይህ የሚፈርምበት መሠረት ነው።

ደብዳቤውን በኃላፊው እጅ አትስጡ። በቃል «እናየዋለን» ይባላችሁና ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። መዝገብ ቤት አስገቡት፤ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ተመልሳችሁ ስትሄዱ «ስለ ልጆቹ ጉዳይ» ሳይሆን ቁጥሩን ጥሩ። ፋይሉ የት እንደተመራ የምታውቀው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፤ ከኃላፊው ይልቅ ከእሷ ጋር ተግባቡ።

ዕቃ የሚጠየቅበት ጊዜ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ብዙ አሠልጣኝ ኳስ የሚጠይቀው መስከረም ላይ ነው፤ ልጆቹ የሚሰበሰቡት ያን ጊዜ ስለሆነ። የዚያ ዓመት ዕቅድ ግን ካለቀ ቆይቷል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄያችሁ በበጋው አጋማሽ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ባለሙያው እጅ ይግባ። ያን ጊዜ እሱም የሚጽፈው ነገር እየፈለገ ነው።

ሁለተኛው በር የሚከፈተው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ሰኔ 30 ስለሚያልፍበት በየመሥሪያ ቤቱ ግዢ ይጣደፋል። የተዘጋጀ ዝርዝርና ከሦስት ሱቅ የመጣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ያለው ኮሚቴ ያን ጊዜ ያገኛል፤ «እስቲ ዝርዝር አምጡ» ሲባል ሊጽፍ የሚቀመጥ ግን ሐምሌ ይደርስበታል። ፕሮፎርማ ቀኑ ስለሚያልፍ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አድሱት።

በዝርዝሩ ላይ «ኳስ 10» ብላችሁ አትጻፉ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ላሉት ቁጥር 5 መሆኑን ግለጹ፤ አለዚያ ርካሹ ተገዝቶ ይመጣል፣ ለትንንሾቹም የከበደ ኳስ ይታደላል። የመረብ ኳስ ምሰሶ ከጠየቃችሁ «ከፍታው የሚስተካከል» በሉ፤ የአዋቂ ሴቶች መረብ 2.24 ሜትር፣ የወንዶች 2.43 ሜትር ነው፣ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ማልያ ከታኬታ ይቅደም። ታኬታ በየልጁ እግር ልክ ስለሚገዛ ያጣላል፣ በዓመቱም ያጥራል፤ ማልያ ግን ለሚቀጥለው ልጅ ይተላለፋል።

ገንዘቡ በእናንተ እጅ አያልፍም፤ ጽሕፈት ቤቱ ይገዛል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ወደ ንብረት ክፍል ይገባል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለእናንተ ይሰጣል። የፈረመው ሰው ተጠያቂ ስለሆነ ንብረት ያዣችሁ ይፈርም እንጂ አሠልጣኙ አይፈርም፤ አሠልጣኝ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። ቅጂውን ያዙ። የተቀደደ ኳስ እንኳ ሳይጣል ይቀመጥና በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል አገልግሎ ተበላሸ» ብላችሁ በደብዳቤ መልሱ። ይህን የሚያደርግ ቡድን ጥቂት ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት ስማችሁ ቀድሞ ይጠራል።

«የወጣቶች ፈንድ አለ አይደል?» የሚል ሰው በየስብሰባው ይነሣል። በ2009 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሥራ ለሚፈጥሩ ወጣቶች የሚሰጥ ብድር ነው፤ ኳስ አይገዛበትም። እሱን እያሳደዳችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ካርታ የሌለው ሜዳ

ልጆች ከድሮ ጀምሮ የሚጫወቱበት ባዶ መሬት ባለቤት እንደሌለው በግ ነው፤ ጎትቶ የሚወስደው አይጠፋም። ዛሬ የድንጋይ ክምር፣ ነገ የመኪና ማቆሚያ፣ ከነገ ወዲያ አጥር ይሆናል። ትልቅ ስም ያለው እንኳ አይድንም፤ በ2012 በኮሮና ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ያ ሁሉ የስፖርተኛ ሜዳ ወራት ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ነበር። ጃን ሜዳ ጥምቀት የሚከበርበት ስለሆነ ለ2013 በዓል ተጸድቶ ተመለሰ። የእናንተ ሰፈር ሜዳ ግን ታቦት አይወጣበትም።

ስለዚህ ሜዳው ገና ሰላም እያለ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ። አንደኛ፣ ቦታው በወረዳው የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወጥቶለታል ወይ? ካልወጣለት ካርታው በኮሚቴው ስም እንዲሆን አትመኙ፤ ስለ መሬት ስታወሩ ሁሉም ሰው ይጠራጠራችኋል። የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ስም እንዲያስወጣ ጠይቁ። ፎቶ አያይዙ፤ ልጆች እየተጫወቱ ያለበት፣ ቀን ያለበት፣ ከዓመት ዓመት የተነሣ ፎቶ ይሁን። የአካባቢው ሽማግሌዎችና የእድሩ አባላት «ይህ ቦታ የመጫወቻ ሜዳ ነው» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ይጨመርበት።

ካርታው ሌላም ጥቅም አለው። ሜዳ ማስተካከል፣ ውኃ መውረጃ ማውጣት፣ አጥር መሥራት በካፒታል በጀት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ካርታ ለሌለው መሬት ደግሞ የካፒታል በጀት የሚይዝ ኃላፊ አታገኙም፣ ኦዲት ይፈራል።

ክረምት

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ነፃ ናቸው፤ የየሰፈሩ የክረምት ውድድርም ያኔ ይጀመራል። ሜዳው ግን ጭቃ ነው፣ ርእሰ መምህሩ ዕረፍት ላይ ነው፣ ግቢው ውስጥም እድሳት ሊኖር ይችላል። የክረምቱን ፈቃድ ከሰኔ 15 በፊት ለብቻው ጨርሱ፤ የበጋው ደብዳቤ ለክረምት አያገለግልም። ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ጨዋታውን ወደ ጠዋት አዙሩት፤ የስብዕና ማዕከሉን አዳራሽ ለዝናብ ቀን አስመዝግቡ። ውድድር ካዘጋጃችሁ በአካባቢው ላለው የፖሊስ ጣቢያ በደብዳቤ አሳውቁ፤ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ተመልካች ሲበዛ ብቻችሁን አትችሉትም። ቡድኖች የሚከፍሉትን የመመዝገቢያ ገንዘብ በደረሰኝ ተቀበሉ፣ ለዳኛ የተከፈለውን፣ ለዋንጫ የወጣውን በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

መስከረም ላይ አዲስ ርእሰ መምህር ወይም አዲስ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተመድቦ ልታገኙ ትችላላችሁ። የድሮውን እያነሣችሁ «እሳቸው ፈቅደውልን ነበር» ከማለት ፋይላችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ቃለ ጉባኤ፣ የገቢ ቁጥር ያለው ደብዳቤ፣ የተፈረመው ስምምነት፣ ሞዴል 22፣ የልጆቹ መገኛ ሰሌዳ (በየቀኑ የመጡት የሚመዘገቡበት)። የመገኛ ሰሌዳውን ከላይ አድርጉት፤ አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ልጅ እንደሚመጣ ነው።